የቆራጯ ግራ ጎን

በዚያ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ወንበር የሌላት እሷ ብቻ ነበረች። አሥራ አራቱ ሰፊዎች ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት። ተኳሿም ብትሆን ካውያዋ እስኪግል ድረስ የምታርፍባት በርጩማ አለቻት። ቆራጭ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ነው የምትውለው። ጠረጴዛው ስምንት ሜትር ይረዝማል። ጨርቁ ከጣቃው እየተፈታ ከዳር እስከ ዳር ይነጠፋል፤ በላዩ ሌላ ይነጠፋል፤ እንደዚያ እያለ አርባ ድርብ ይሞላል። ከዚያ የካርቶኑ ንድፍ ይቀመጥበትና ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል። በመጨረሻ ምላጩ ይነሣል። አርባ ድርብ የሚቆርጥ ሰው ምላጩን የሚገፋው በእጁ ብቻ አይደለም፤ በወገቡ፣ በጉልበቱ፣ በእግሩ ጣቶች ጭምር ነው። እጅ ለአንድ አፍታ ከመስመር ከወጣ የሚበላሸው አንድ ልብስ ሳይሆን አርባ ነው።

እሷ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከመስመር የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጀማሪ ሳለች ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ባሏ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ነው። የዚያን ቀን አርባ ኮሌታ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ሰው ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ፣ መጥተው አዩት። ኮሌታዎቹን እንደ ደህና ዕቃ አንድ በአንድ አጥፈው፣ ከረጢት ውስጥ ከተው፣ ራሳቸው ይዘው ወጡ። ይህን አልረሳችላቸውም።

ሕመሙ የጀመራት ከዚያ በኋላ ዓመት ቆይቶ ነው። ግራ ጎኗን ነበር፣ ከጎድን አጥንቷ ዝቅ ብሎ። ጠዋት ስትነሣ የለም። ጠረጴዛው ፊት ሁለት ሰዓት ከቆመች በኋላ ብቅ ይላል። ከቀትር በኋላ ወደ ሽንጧ ይወርድና አሥር ሰዓት ገደማ ይብስባታል። ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል ደግሞ እንደ ጨዋ እንግዳ ተሰናብቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሕመም ለሰው ለማስረዳት አይመችም። ሲያማት ሥራ ላይ ናት፤ ልትታከም ስትነሣ ደግሞ አያማትም።

እየከሳችም ነበር። ሰው ሁሉ ምክንያቱን አስቀድሞ አውቆት ነው የሚጠብቃት። ጎረቤት «ሐዘን ነው» ይላል። ሰፊዎቹ «ሐዘን አንጀት ይበላል እኮ» ይላሉ። እሷም አመነች። ለምን አታምንም? ሐዘኑ እውነት ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እህል አፏ ውስጥ ይንከራተታል እንጂ ወደ ታች አይልላትም። ቀሚሶቿን በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አጠበበቻቸው። እንደ ባለሙያ አጠበበቻቸው፤ ስፌታቸው የተነካ አይመስልም። ገላው የት እንደሄደ ግን አልጠየቀችም።

ያን ሰሞን የሚቆረጠው ቀይ ነበር። ለአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች ቀሚስ ታዘዘና ቀለሙ የሚለቅ ቀይ ጨርቅ በጣቃ በጣቃ መጣ። ቆራጭ ቤት የማያውቅ ሰው ይህ አይገባውም። ጨርቅ ሲቆረጥ ይበናል፤ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ፣ ጉሮሮ ውስጥ፣ ጥፍር ሥር ይገባል። ጥቁር በሚቆረጥበት ሳምንት ሁሉም ጥቁር ይናፈጣል። አረንጓዴ ሲሆን ምራቅ አረንጓዴ ይሆናል። ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንቷ ቀልቶ ስታየው ትንሽ ግር ቢላትም እጇን ታጥባ ተመለሰች። ተኳሿን መታጠቢያው ጋ አገኘቻት።

«ዛሬ ሽንቴ ቀላ» አለቻት።

«የኔ ምራቅ ከሰኞ ጀምሮ ቀይ ነው። ትናንት አፍንጫዬን ስናፈጥ ባሌ አይቶ ማን መታሽ አለኝ።»

«ሽንት እኮ ነው ያልኩሽ።»

«ታዲያ ከላይ የገባው በየት ይውጣ? በጆሮሽ?»

ሁለቱም ሳቁ። ተኳሿ በዚያ ቤት ውስጥ የምትታወቀው በካውያዋና በምላሷ ነው፤ ሁለቱም ሁልጊዜ እንደጋሉ ናቸው። ወሬው ለሰፊዎቹ ደርሶ እነሱም ሳቁ። አንዷ «እኔ ላቤ ቀይ ሆኗል» አለች። ሌላዋ የልጇን ነጭ ሸሚዝ በእጇ ነክታ እንዴት ሮዝ እንዳደረገችው አወራች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀይ ተቆረጠ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሄደ እየመጣ ሽንቷ ቀላ፤ ማንም ሁለቱን አልለያየም።

በአራተኛው ሳምንት ጨርቁ ተለወጠ። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ነበር። በአምስተኛው ቀን መሐረቧ ላይ የሚወጣው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ ሽንት ቤት ገብታ ስታይ ግን ቀይ ነው። ቆማ አየችው። ጥፍሮቿን አየች፤ ሰማያዊ። እንደገና ወደ ታች አየች።

ለተኳሿ ስትነግራት ተኳሿ አልቀለደችም። ካውያውን አቁማ ከሶኬቱ ነቀለችው። ካውያ በሥራ ሰዓት ሲነቀል በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

«ነገ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ። ለጋሼ እኔ እነግርልሻለሁ።»

አልሄደችም። ፍርሃት የያዘው ሰው የሚሠራውን ሥራ ሠራች፤ ውሃ መጠጣት ተወች። ካልጠጣች ብዙ አትሸናም፤ ካልሸናች አታይም። ምግቡንም ይበልጥ ቀነሰችው። ይህን ስታደርግ ደህና ብልሃት ያገኘች መስሏት ነበር። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ተኳሿ ራሷ እጇን ይዛ በአቅራቢያቸው ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት።

ክሊኒኩ የኩላሊት ጠጠር ነው አለ። የጠጠር መድኃኒት ወሰደች፤ የወጣ ጠጠር የለም። ሁለተኛው ሐኪም ጠጠር የለም አለ። አገላብጦ አያትና «ቤት ውስጥ የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። «ባለቤቴ ሞቷል» አለችው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈላት። ኪኒኑ መልካም ነበር፤ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። ሽንቷ ግን እንደቀላ ቀረ።

ሦስተኛዋ ሐኪም በትልቁ ሆስፒታል የምትሠራ የደም ሥር ሐኪም ነበረች። ልጅ እግር ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ የምትፈልግ ዓይነት። ወደ እሷ ክፍል የገቡት ሁለት ሆነው ነው፣ ቆራጯና አማቷ፣ የባሏ እናት። ባሏ ከሞተ በኋላ አማቷ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እሱን ከቀበሩ በኋላ ምራትየው «እማማ፣ የት ይሄዳሉ?» አለቻቸው፤ እሳቸውም የትም አልሄዱም። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥራው ከአፋቸው አልወጣም፤ የተነገራቸውን ሁሉ ደግመው ሳያረጋግጡ አያልፉም።

ዶክተሯ ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀች። «የማያምዎት መቼ ነው?»

ቆራጯ አሰበች። «ስተኛ።»

«ሥራዎ ተቀምጠው ነው?»

«ቆራጭ ነኝ። ቆራጭ አይቀመጥም።»

ዶክተሯ በአልትራሳውንድ መጀመሪያ አስተኝታ አየቻት። ቀጥላ አቁማ አየቻት። ቆማ ሳለች የማሽኑን ማያ ረዥም ሰዓት ተመለከተችና ለሲቲ ስካን ላከቻት። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱን አስቀምጣ፣ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፍታ አሳየቻቸው።

«ከግራ ኩላሊት ደሙን የሚመልሰው ደም ሥር ወደ ልብ ሲሄድ በጠባብ ቦታ ያልፋል። ከጀርባው ትልቁ የደም ግንድ አለ። ከፊቱ ደግሞ ከዚያው ግንድ ተገንጥሎ ወደ አንጀት የሚወርድ ቅርንጫፍ አለ። ደም ሥሩ በሁለቱ መካከል ነው የሚሾልከው። በመካከላቸው ስብ አለ፤ እንደ ትራስ ያራርቃቸዋል። ሰው በጣም ሲከሳ ትራሱ ይሳሳል። ቅርንጫፉ ወደ ግንዱ ይጠጋና ደም ሥሩን ይጨፈልቀዋል፤ ሲቆሙ ደግሞ ይብስበታል። ደሙ መሄጃ ሲያጣ ኩላሊት ውስጥ ይጨናነቃል፤ ትንንሾቹ ሥሮች ያፈሳሉ። በሽንትዎ የሚያዩት እሱን ነው።»

«ቆዪ ልጄ፣ ልድገመው» አሉ አማቷ። ከግንዱ ጀምረው፣ ቅርንጫፉን ጨምረው፣ ትራሱን ሳይረሱ፣ አንድ ቃል ሳያዛንፉ ደገሙት።

«ከተማሪዎቼ ይሻላሉ» አለች ዶክተሯ።

ቆራጯ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች «ሐዘን ነው ሲሉኝ ነበር» አለች።

«ሐዘኑም አለበት። ሐዘኑ አከሳዎት፤ ክሳቱ ትራሱን ወሰደው። ሐዘን ግን ብቻውን ደም አያሸናም። ውሃና ምግብ መቀነስዎ ደግሞ ነገሩን አባሰው።»

መጀመሪያ የታዘዘላት ቀላሉ ነገር ነበር፤ እንድትወፍር። ይህን ትእዛዝ አማቷ እንደ ሹመት ተቀበሉት። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ምሳ ላይ የተቋጠረ ሳህን፣ ማታ ወተት። ምራትየው «ጠገብኩ እማማ» ስትል «አንቺን ማን ጠየቀሽ? እኔ የምሞላው ትራሱን ነው» ይሏታል። በአምስት ወር አራት ኪሎ ጨመረች። ለጥቂት ጊዜ የተሻላት መሰለ። ደሙ ግን እየቆመ እየተመለሰ ቀጠለ፤ በምርመራም የደም ማነስ ተገኘባት። አንድ ቀን ጠረጴዛው ፊት ምላጩን እንደያዘች ዓይኗ ጨለመባትና የጨርቁን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። እጇ ከመስመር አልወጣም። ጋሼ ግን ከበሩ ላይ አይተዋት ነበር።

በማግሥቱ የቁልፍ መስፊያው ማሽን ላይ አስቀመጧት። ከሌላ ቤት አንድ ቆራጭ መጣ። ጋሼ ነገሩን ፊት ለፊት ነገሯት።

«ጠረጴዛውን እስከ ትምህርት መክፈቻ እጠብቅልሻለሁ። ከዚያ በላይ ግን ሰውዬውን እያታለልኩ ማቆየት አይሆንልኝም። እሱም ቤተሰብ አለው።»

«ልክ ነዎት ጋሼ።»

ቁልፍ መስፋት ክፉ ሥራ አይደለም። አንድ ወር ሰፋች። ከጀርባዋ የምላጩን ድምፅ ትሰማለች፤ ሰውዬው መታጠፊያው ላይ እንደሚቸኩል፣ ክብ ሲደርስ ምላጩን አላግባብ እንደሚጫን ዞር ሳትል ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ቁልፏን ትሰፋለች። ባሏ ሲሞት የቀራት ነገር ቢኖር ያ ጠረጴዛ ነበር። እዚያ ስትቆም ምን እንደምትሠራ ታውቃለች፤ ከዚያ ውጭ ብዙውን ጊዜ አታውቅም። ጎኗ ደግሞ ተቀምጣም አልተዋትም።

ዶክተሯ ሁለት መንገድ አቀረበችላት። አንደኛው ሆድ ተከፍቶ ደም ሥሩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። ሁለተኛው ሆድ አይከፍትም። በብሽሽት በኩል፣ በመርፌ ቀዳዳ፣ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ በራጅ እየታየ እስከ ተጨፈለቀው ቦታ ይሄዳል፤ እዚያ ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ ይዘረጋና ደም ሥሩን ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል።

«ለአብዛኛው ሰው ይሠራል» አለች ዶክተሯ። «ለሁሉም ነው ብዬ አልዋሽዎትም። አንዳንዴ ደም ይረጋበታል፣ አንዳንዴ ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ ክትትል አለው።»

«ላየው እችላለሁ?»

ዶክተሯ ከመሳቢያዋ ለማሳያ የምትይዘውን አወጣች። ቆራጯ መዳፏ ላይ አደረገችው። ከትንሽ ጣቷ ብዙም አይበልጥም። በሁለት ጣት ጫን ስትለው ይጠብባል፤ ስትለቀው ተመልሶ ይከፈታል። እንደ አዲስ ጨርቅ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው።

«ወርዱ ስንት ነው?»

«የእርስዎ አሥራ አራት ሚሊ ይሆናል።»

«የደም ሥሬ ወርድስ?»

«ጤነኛው ቦታ ላይ አሥራ ሁለት ገደማ።»

«ሁለት ሚሊ ትርፍ ትሰጣላችሁ ማለት ነው።»

ዶክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ትርፍ ካልሰጠነው ይንሸራተታል።»

«ካበዛችሁትስ?»

«ሥሩን ይጎዳዋል።»

ቆራጯ ስቴንቱን መለሰችላት። የስንት ዓመት ትምህርት ያላት ሐኪም ያስረዳቻት ብዙ ነገር ነበር፤ ልቧን ያሳረፈው ግን ይህ ነው። ትርፍ የሚያውቅ ሰው መለካት ያውቃል።

አብረዋት የገቡት አማቷ ግን የዚያን ቀን ምንም ነገር አልደገሙም። በማግሥቱ ወጥ ቤት ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል እየላጡ ነው የተናገሩት።

«ቅጹ ላይ የቤተሰብ ፊርማ ይላል። እኔ አልፈርምም።»

«ለምን እማማ?»

«አንዱን ልጄን ወደዚያ በር ይዤ ሄጄ አውቃለሁ። ሌላ ልጅ የለኝም፤ አንቺ ነሽ ያለሽኝ። ትንሽ ትወፍሪያለሽ፣ ቁልፍሽን ትሰፊያለሽ፣ እኔ አበላሻለሁ። ምን ጎደለን?»

ስለዚያ ቀን ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ባሏ ደረቱን አሞት በእግሩ ወደዚያ ሆስፒታል ሄደ። የልቡ ምርመራ ወረፋ ስለበዛ ነገ ጠዋት ይምጣ ተባለ። እሱም ለሰው ማስቸገር አይወድም፤ «ነገ እንመለሳለን» ብሎ በእናቱና በሚስቱ መሐል ሆኖ በእግሩ ወጣ። ነገ ሲደርስ እሱ አልነበረም።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱን ያደረጉለት ነገር አይደለም የገደለው። ምንም አላደረጉለትም። ነገ ብለውን ነገ ብለን ነው።»

አሮጊቷ እንቁላሉን ልጠው ጨረሱ። የቀረች ትንሽ ቅርፊት ነበረች፤ በጥፍራቸው ለቀም አደረጓት። ሳህኑን ወደ ምራታቸው ገፉት።

«ብዪ» አሉ።

ሁለት ቀን እንደዚያው አለፈ። በሦስተኛው ቀን ቆራጯ ከሥራ ስትገባ አማቷን ከስልኩ አጠገብ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ድምፃቸው የቤት ድምፅ አልነበረም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለው ነበር።

«የማክሰኞውና የሐሙሱ ናቸው ክፍት። ሰማሁ። የቀረበው የትኛው ነው? አዎ እሱን አውቃለሁ ልጄ፣ ማክሰኞ ከሐሙስ በፊት ነው፤ አንቺ እንድትናገሪው ነው። ማክሰኞ። ልድገመው፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ። ፈራሚዋ እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ።»

ስልኩን ዘጉና ምራታቸውን አዩዋት። «ምን ቆመሻል? ጎንሽን አያምሽም? ተቀመጪ» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት የገባችበት ክፍል ቀዝቃዛ ነበር። ማያዎች፣ ከላይ የተንጠለጠለ ትልቅ የራጅ መሣሪያ ክንድ፣ ጠባብ አልጋ። ዶክተሯና ነርሱ የጨረር መከላከያ ሽርጥ ለብሰዋል፤ ከባድ ነው፣ ትከሻቸውን ይጎትተዋል። ቆራጯ ተጋድማ ሽርጡን ስታይ ቆየች።

«ይህን ማን ነው የቆረጠው?» አለች ነርሱን።

«ምን ሆነ?»

«የግራው ትከሻ ከቀኙ በሁለት ጣት ይወርዳል።»

ነርሱ ጎንበስ ብሎ ሽርጡን አየ። «ሦስት ዓመት ለብሼዋለሁ። እኔ ትከሻዬ የተጣመመ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ብሽሽቷ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወጋች። ከዚያ በኋላ የተሰማት መነካካት እንጂ ሕመም አልነበረም። አልተኛችም፤ እንደ ከሰዓት በኋላ ማንጎላጀት ያለ ነገር መጣባት። «አሁን ቀለም እንሰጣለን፣ ሙቀት ይሰማዎታል» ሲሏት «የሚለቅ ነው?» አለች፤ ለምን እንዳለች ማንም አልገባውም።

ማያው ላይ አየችው። ቀለሙ ከኩላሊቷ ተነሥቶ ይመጣና ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በየጎኑ፣ በየቀጫጭኑ ሥር እየተጠማዘዘ መውጫ ይፈልጋል። የተዘጋ በር ፊት የቆመ ሰው ይመስላል። ዶክተሯ የደሙን ግፊት ከጠባቡ ቦታ ከወዲህም ከወዲያም ለካች፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች። ቀጥሎ ጠባቡን ቦታ ለማስፋት ከቱቦው ጫፍ ያለው ትንሽ ፊኛ ሲነፋ ጎኗን አንድ ጊዜ ቆረጣት፤ ያው የጠረጴዛው ሕመም ነበር፣ እንደ ተጨመቀ ሆኖ። ጥርሷን ነክሳ ቆጠረች። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ለቀቃት።

«ስቴንቱ ገብቷል» አለች ዶክተሯ። «እንደገና ቀለም። ይመልከቱ።»

ቀለሙ መጣ። ጠባቡ ቦታ ላይ አልቆመም። ቀጥ ብሎ አለፈ። እነዚያ የተጠማዘዙት ቀጫጭን ሥሮች ባዶ ሆነው ከማያው ጠፉ። ዶክተሯ እንደገና ለካች፤ ከወዲህና ከወዲያ ያለው ቁጥር አንድ ለመሆን የቀረው ትንሽ ነበር። የፈጀው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ከውጭ የታየባት ምልክት ትንሽ ፕላስተር ብቻ ነበር።

በመተላለፊያው ላይ የሆነውን ተኳሿ ናት ኋላ የነገረቻት። ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ከአማቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። አሮጊቷን ለማጫወት ብላ «በብሽሽት ገብቶ ኩላሊት መሥራት ማለት በሱሪ እግር ገብቶ ኮሌታ መስፋት ነው» አለቻቸው። አሮጊቷ አልሳቁም። በሩ ተከፍቶ ዶክተሯ «ደህና ናት፣ እንዳሰብነው ሆኗል» ስትላቸው ግን «ልድገመው» ብለው ጀመሩና «ደህና ናት» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። የቀረውን ተኳሿ ደገመችላቸው።

ስድስት ሰዓት በጀርባዋ ተኛች። በማግሥቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ የተነገራት ይህ ነበር፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን ኪኒኖች አንድም ቀን እንዳትዘል፣ ውሃ በደንብ እንድትጠጣ፣ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ደረቷን ካፈናት ወይም ጎኗ በድንገት ከጠናባት ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ። የመጀመሪያው ሳምንት ጀርባዋን አመማት፤ ይህ የሚጠበቅ ነው ተብላለች። በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ሮዝ መልክ ነበረው፤ ለአማቷ ሳትነግር አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቆየች። በአምስተኛው ቀን ሳሳ። በሁለተኛው ሳምንት የውሃ መልክ ያዘ። ላለማመን ሌላ አንድ ሳምንት ጠበቀች። ያው የውሃ መልክ ነበር።

በሁለተኛው ወር ዶክተሯ ጋ ተመለሰች። ተኝታ ታየች፣ ቆማ ታየች።

«ካስቀመጥንበት አልተነቃነቀም» አለች ዶክተሯ። «ደሙም እየወጣ ነው፣ ማለቴ መጠኑ እየጨመረ ነው።»

«ማለትሽ ገብቶናል፣ ግን እንደዚያ አትበዪ» አሉ አማቷ።

ወደ ሥራ ልትመለስ ሲሆን አማቷ ለጋሼ ደወሉ። ጣቃ እንደማታነሣ፣ ሌላ ሰው እንደሚያወርድላት፣ በየሁለት ሰዓቱ ውሃ እንደምትጠጣ ነገሯቸው። ጋሼ «እሺ» ሲሉ «እሺ አይደለም፣ ይድገሙልኝ» አሏቸው። ጋሼ ደገሙ። ውሃውን ረሱ። እንደገና አስደገሟቸው። ከዚያ ወዲያ ጋሼ በየሁለት ሰዓቱ ጠረጴዛው ጋ ይመጡና «አሮጊቷ እንዳይደውሉ ጠጪ» ይላሉ።

ሌላው ቆራጭ አልሄደም። ሥራው በዝቶ ነበርና ጋሼ አቆዩት፤ ጣቃውን እሱ ያወርዳል፣ ንጣፉን አብረው ይነጥፋሉ፣ ምላጩን እሷ ትይዛለች። በመጀመሪያው ቀን ክቡ ላይ እንዴት እንደምታዞረው ቆሞ አየ። «እኔ ስጫነው ነው የሚዘለው ለካ» አለ። «አዎ፣ ከወገብህ ግፋው» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ላይ ያፏጨው የነበረውን ዘፈን ትቷል፤ እሷ ስትቆርጥ እጇን ያያል።

ትምህርት ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ቆመች። ግራጫ ሹራብ ነበር፤ አርባ ድርብ። ጠዋት ጀርባውን ቆረጠች። ከምሳ በኋላ ፊቱን ቆረጠች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇ ቀጠለ፤ ልቧ ግን ሥራው ላይ አልነበረም፤ ጎኗን ታዳምጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር አለ። ምላጩን አስቀመጠችና ጠበቀች። እግሯ ደክሟል። ወገቧ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ወገብ ዝሏል። ከጎድን አጥንቷ በታች ግን ምንም የለም። ግራ እጇን እዚያ ላይ አድርጋ ጫን አለችው። ምንም የለም።

ይህን ልትነግረው የፈለገችው ሰው ነበር። ባሏ ግን የለም። ወደ ግቢው ወጥታ ስልኳን አወጣች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። አሥር ሰዓት ሆኗል።»

አሥር ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አማቷ ያውቃሉ።

«እህ?» አሉ።

«የለም።»

«ተቀመጥሽ ወይስ ቆመሻል?»

«ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው ምን ታወሪያለሽ፣ ሥራሽን አትሠሪም?» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር፤ ስልኩንም ቶሎ አልዘጉትም።

ፊቷን በውሃ ታጠበችና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። እጅጌው ገና ነበር።